በብልቃጥ ያወራው

ደሙ የመጣው ትናንት ነው፣ ከጎቶ ደሴት፣ በማታዋ መርከብ፣
በረዶ ለብሶ፣ ከቱና ሣጥን አጠገብ።
ስሙ ተጽፏል፦ ኢዋናጋ ቶኩዞ፣ ዕድሜው ሰባ አንድ፣
ሥራው ስኩዊድ ማጥመድ፤
በሽታው ሊምፎማ። ከግርጌ በእርሳስ «እባካችሁ ቶሎ» የሚል፤
የነርሷ እጅ ነው? የልጁ? ማን ልበል?

የእኔ ሥራ ሞግዚትነት ነው፤ የሰው ሴል ተቀብሎ ማሳደር፣
በሠላሳ ሰባት ዲግሪ፣ በገላ ሙቀት ልክ፤ ከዚያ መቁጠር፣ መቁጠር።

ትናንት፣ ብልቃጡ ከበረዶው እንደወጣ፣
ቫይረሱን ጠራሁት፤ ድምፅ አልመጣ።
ጂኑ አለ፤ ከሰውየው ጂን ጋር ተሰፍቶ፣ ተዳብሎ፤
ፕሮቲኑ ግን ዝም፤ በር ዘግቶ፣ መብራት አጥፍቶ፣ «ሰው የለም» ብሎ።

ዛሬ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣
ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ብዬ ሳይ፣
አንዲት አረንጓዴ ነጥብ። ሁለት። ዓይኔን አሸት አድርጌ ስመለስ፣ ሃያ።
ከገላ ወጥቶ አንድ ሌሊት በብልቃጥ ሲያድር፣
ዘቡ ሲርቀው፣ ጀመረ መናገር።
ስሙ ታክስ ነው፤ ቀራጭ ባይሆንም አይምርም፤
ሴሏን «ተባዢ» ይላታል፤ «ይበቃል» አይልም።

እኛ ደሴት ላይ ስኩዊድ የሚጠመደው በብርሃን ነው።
አባቴ አምፑሎቹን በተርታ ይሰቅል ነበር፤
ባሕሩ የነጋ ይመስለዋል፣ ስኩዊዱ ይወጣል፣
የወጣ ሁሉ ያልቃል፤ ከታች የቀረ ያረጃል።
ሴሎቹም ይህን የተማሩ ይመስላል።
ፕሮቲኗን ያሳየችውን የሰውየው ዘብ ያውቃታል፣
አሳዶ ይገድላታል፤
ዝም ያለችው ሃምሳ ዓመት ትከርማለች፣ ትወልዳለች፤
አንዲት ቃል ብቻ ታንሾካሹካለች፤
ከክሩ ጀርባ፣ ከግርጌ ወደ ራስጌ የተጻፈ፣
ዘቡን ሳይቀሰቅስ ያለፈ።

ይህን ማነጻጸሬ ያሳፍረኛል፤ ግን ይመጣል።
የእኛም ሰዎች ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በሹክሹክታ ጸልየዋል።
ለሚያያቸው፣ ሕፃን ያቀፈች ካኖን፤ ለራሳቸው፣ ማርያም።
የጮኸ ተቃጠለ። ያንሾካሾከ ወለደ፤ ይኸው እኔም።

የእናቱም ስም በቅጹ ላይ አለ፦ ሱዌ። በሕይወት የለችም።
«ጡት ያጠባችው፦ ሁለት ዓመት ከአራት ወር።»
ጦርነቱ ካለቀ ብዙ አልቆየም፤ ሩዝ በኩፖን ነበር፣
ድንቹ ያለቀው በየካቲት፤
ከቤቱ ሁሉ ያልጎደለው የእሷ ወተት።
ሰጠችው። ከሰጠችው ውስጥ አንዱን አላወቀችውም፤
እሱም ሰባ ዓመት ተሸክሞት፣ መረብ ሲስብ፣ ልጅ ሲድር፣ አልከበደውም።
እኔንም ያጠባችኝ የዚያው ደሴት ሴት ናት።
ደሜን እስካሁን አላስመረመርሁም። ነገ እላለሁ፤ ነገ ሥራ ይበዛል።

ውጤቱን ጻፍሁ፦ «በገላ፦ የለም። በብልቃጥ፦ አለ።»
ሐኪሙ ይህን አንብቦ ለቶኩዞ ምን ይለዋል?
ዝምታውም በሽታው ነው ሊለው ነው?

ከደሙ ጋር አንድ ጥቅል ደረቅ ስኩዊድ ልከውልናል፤
«ለምትደክሙልን» ይላል ወረቀቱ።
ላቦራቶሪ ምግብ አይገባም። ጓንቴን አወለቅሁ፣
እጄን ሁለቴ ታጥቤ ኮሪደሩ ወለል ላይ ተቀመጥሁ።
ከመስኮቱ ማዶ የሚመለሱ ጀልባዎች
አምፑላቸውን አንድ ባንድ ያጠፋሉ።
ከበሩ ወዲያ፣ በሞቀው ጨለማ ውስጥ፣
የሰውየው ሴሎች ያወራሉ።
አኘክሁ። ጠንካራ ነው፤ ቶሎ አይላምም፤
ጨዉ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው።